የበሩ ዋጋ

ሌሊት ስምንት ሰዓት፤ ማራኪ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ከአዘዞ የመጣ ነፋስ መስኮቱን ሲነቀንቅ፤
ነገ ጠዋት በሦስት ውጤት ይለቀቃል፣
የተፈተነው ሁሉ ስልኩን ጨብጦ ይጠብቃል።
እኔም ሰርቨሩን፣ በሐሰት ጥያቄ፣
ልኩን ለማየት ስል ሆን ብዬ አስጨንቄ፣
አየሁት ሲያቃስት ገና በሩብ ጭነት፤
ማሽኑ አዲስ ነው፣ ኮዱም ስሕተት የለበት።

ታዲያ ጉልበቱን ምን በላው?
ጊዜውን ሸንሽኜ ቁራጭ በቁራጭ ለካሁት፤
ከመቶው ሠላሳው ብቻ ሥራ ሆኖ አገኘሁት።
ሰባው መንገድ ነበር፤
ወደ ከርነል ደጃፍ መሄድና መመለስ።

አንዲት ፓኬት ስትመጣ ፕሮግራሜ ይነሣል፣
የያዘውን ጥሎ ከበሩ ይደርሳል፤
«ማነህ?» ይባላል፤ ትጥቁን ይፈታል፣
የተሸከመውን ደጅ ላይ ያስቀምጣል፤
ይገባል፣ አንዲት ቁራጭ ተቀብሎ ይወጣል፣
የፈታውን ይታጠቃል፣
ምን ላይ እንደነበር ይረሳል፣
ያስታውሳል፤
ሳይቀመጥ ሌላ ፓኬት።
ደግሞ «ማነህ?»

ሃያ ስምንት ዓመት ከፋሲል ግቢ በር፣
አባቴ አዛናው ትኬት ሲቀድ ነበር።
ይህን ባጫውተው ከት ብሎ ሳቀና፣
«የእኔ በር ነው እንጂ፣ ምን አዲስ አለውና!
መምህር ሲመጣ አርባ ልጅ አሰልፎ፣
አንድ ወረቀት ነው የሚሰጠኝ ጽፎ፤
አንዴ አነባለሁ፣ አንዴ እከፍታለሁ፣
አርባው እስኪያልፉ ጋቢዬን አስተካክላለሁ።
ሰው አንድ በአንድ ሲመጣ ግን፣ የየራሱን ይዞ ለብቻ፣
ቀኑ ያልቃል ልጄ፣ በመክፈትና በመዝጋት ብቻ።»

በዚያ ሌሊት ኮዱን ከሥሩ አፈረስኩት፣
በየነጠላው መቀበልን ተውኩት፤
በግንቡ ውፍረት ውስጥ መስኮት ሸነቆርኩ፣
ክብ መደርደሪያ ከመሐሉ ተከልኩ፤
ከወዲህ እኔ አኖራለሁ፣ ከወዲያ ከርነል ያነሣል፣
የጨረሰውን ደግሞ እዚያው ይመልሳል።
ማንኳኳት ቀረ። ትጥቅ መፍታት ቀረ።
ስድሳ አራት ጉዳይ በአንድ ደወል ተሻገረ።
ሰባው ወደ አሥራ አንድ ወረደ፤
የማሽኑ ማራገቢያ እንኳ ድምፁን ቀነሰ፤
እኔም ጫማዬን አወለቅኩ።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ግን፣
ሐሰተኛውን ጎርፍ ካቆምኩት በኋላ፣
አንዲት እውነተኛ ጥያቄ መጣች።
ከደባርቅ ትሁን ከመተማ አላውቅም፤
ውጤቱ እንዳልወጣ እያወቀ
እንቅልፍ ያጣ አንድ ልጅ የላካት።
መደርደሪያው ላይ ቁጭ አለች፣
ስድሳ ሦስት ጓደኛ ልትጠብቅ።
ከተማው ተኝቷል፤ ማን ይመጣል?

እንዲህ የሚል መስመር ጨመርኩ፦
ሁለት ሚሊሰከንድ ጠብቂ፤
ማንም ካልመጣ ብቻሽን እለፊ።

ከዚያ በኋላ እጄ ከቁልፎቹ ላይ ቀረ።
እኔስ? ከማራኪ አዘዞ ስንት ነው መንገዱ?
የአባቴን መድኃኒት ከመብራት ሂሳቡ፣
ሂሳቡን ከበዓሉ፣ በዓሉን ከደመወዝ ጋር አስሬ፣
ሁሉንም በአንድ ጉዞ፣ በአንድ በር፣
በሦስት ወር አንዴ የማደርሰው እኔ አይደለሁም?
ባለፈው ደውሎ ነበር።
«ምን ጎደለህ?» አልኩት።
«ምንም።»
«ታዲያ?»
«ምንም፤ እንዲያው ነው።»
«እሺ፣ ጉዳይ ሲጠራቀም እመጣለሁ» አልኩት።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ሕዝቡ ጎረፈ፤
ሰርቨሩ ሳይነጥፍ ሁሉም እየገባ አለፈ።
ያለቀሰ አለ፣ እልል ያለ አለ፤
እኔን ያስታወሰ የለም፤ ያልወደቀን ነገር ማን ያያል?

በስድስት ሰዓት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።
አዘዞ፣ ከቆርቆሮው በር ፊት ቆምኩ፤
ገርበብ ብሏል፣ እሱም ከውስጥ ያየኛል፣
ግን ልማድ ነውና፣
«ማነሽ?» አለ።
«እኔ ነኝ።»
«ምን ይዘሽ መጣሽ?»
ሁለቱንም እጆቼን ከፍቼ አሳየሁት።